ለዘላይ አይጦቹ ውሃ የሰጠው ማን ነው?

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዓብዲሳ፣ ለእኔ ሲሉ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት ዶክተር በድሉ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

«ክቡራትና ክቡራን» ስል አፌ ትንሽ ተያዘ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ጓዶች» ሲል የኖረ አፍ ነው። አዲሱ ፖሊሲ ከታወጀበት ካለፈው መጋቢት ወዲህ ነው እንደ ልቡ እንዲናገር የተፈቀደለት። ሁለቱንም ባቀላቅል ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ያዘጋጃችሁትን አመሰግናለሁ። በጉ ጥሩ በግ ነበር። ጋቢውም የእጅ ሥራ ነው፣ ዳስሼዋለሁ። የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ ትንሽ አሳቀኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ሲወጣ ለኖረ ሰው፣ የትም መድረስ በማያስፈልገው ቀን ሰዓት ይሰጠዋል? ግድ የለም፣ እሰቅለዋለሁ።

ወይዘሮ አመለሸጋ ከአስተዳደር ክፍል የሥራ ታሪኬን አሳምራ አንብባለች። አንዱን ዓረፍተ ነገር ስታነብ አጨብጭባችኋል፦ «በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ባገለገለበት ዘመን ሁሉ አንድም እንከን ያልተገኘበት ሠራተኛ።» እውነት ነው፣ አልተገኘብኝም። አልነበረብኝም ማለት ግን አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ስላልተገኘው ነው።

ወሬዬ ስለ አይጥ ነው። ስለ በረሃ ዘላይ አይጥ።

እየሳቃችሁ ነው። ሳቁ። ያኔም ስቃችኋል።

አዲሶቹ ልጆች አታውቁትም። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ያለው፣ የተሰበሩ ወንበሮች የምናከማችበት ክፍል ከስድስት ዓመት በፊት የእንስሳት ክፍል ነበር። ኃላፊው ዶክተር በድሉ ናቸው። ከውጭ ተምረው ከመጡ ገና ዓመታቸው ነበር። በ1976 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። አገሩ በድርቅ እየነደደ፣ ከበላይ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «ስለ ድርቅ ምን ሠራችሁ?» ይል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዶክተር ወደ እኔ መጡና፣

«አሻግሬ፣ ዕድሜ ልኩን አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጠጣ የሚኖር እንስሳ አለ ብልህ ታምናለህ?» አሉኝ።

«ግመል ነው?»

«ግመል ከሱ ጋር ሲተያይ ሰካራም ነው።»

በሦስተኛው ቀን ወደ አፋር በረሃ ጉዞ ጀመርን። ዶክተር፣ እኔና ሾፌራችን ሞቱማ፣ ነፍሱን ይማር። ሞቱማ መንገዱን ሁሉ «አይጥ ፍለጋ ነዳጅ የሚያቃጥል መሥሪያ ቤት ነው ያለኝ» እያለ ነዳ።

እንስሳው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከጭብጥ አይበልጥም። የኋላ እግሮቹ ረዣዥም ናቸው፣ የፊቶቹ ከደረቱ ጸጉር ውስጥ የተደበቁ ትናንሽ እጆች ናቸው። በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው፣ እንደ እኛ። ሲያባርሩት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ አንዱ ዝላይ ከዚህ መድረክ እስከ ፊተኛው ወንበር ያደርሰዋል። ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ጎፈሬ አለው፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው በሱ ነው። ውስጥ እግሩ ጸጉር ለብሷል፣ አሸዋው እንዳያቃጥለው። ዓይኖቹ ከፊቱ ይበልጣሉ።

ቀን ግን አታገኙትም። ፀሐይ ስትወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና አፉን ከውስጥ በአፈር ይደፍነዋል። እኛ ታዲያ ጉድጓዱን እያሰስን፣ በቀትር ፀሐይ በአካፋ እየቆፈርን አወጣናቸው። አሥራ አራት ያዝን።

አንድ የአፋር ሽማግሌ ከሦስት ፍየሎች ጋር ቆሞ ያየን ነበር። ፍየሎቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። ጠጋ ብሎ ውሃ ጠየቀን። መኪናችን ላይ ሁለት ጀሪካን ነበር። ዶክተር «ለመኪናው ራዲያተር ነው በለው» አሉ። በረሃው አፍ ላይ ለያዝነው፣ ቋንቋውን ለሚያውቀው መንገድ መሪ ነው ያሉት። ሽማግሌው ሰማ፣ አልተቆጣም። ልንሄድ ስንል የቆፈርነውን አፈር በበትሩ እየነካ አንድ ነገር ተናገረ። መንገድ መሪው ተረጎመልን፦

«ጉድጓዱንም አብራችሁ ውሰዱለት ይላችኋል።»

ዶክተር ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሞቱማ ብቻ አልሳቀም። አሥር ደቂቃ ያህል ከነዳን በኋላ መኪናውን አቆመ፣ ወርዶ የኋላውን ጎማ መታ መታ አደረገና «ነፋሱ ቀንሷል» አለ። አልቀነሰም ነበር። የሽማግሌው ቃል ከብዶት ነው የቆመው።

ሦስቱ መንገድ ላይ ሞቱ። አሥራ አንዱን አምቦ አስገባን።

አሁን ድንቅቱ ትመጣለች። ከእናንተ ግማሹ ስሟን ስትሰሙ አቀርቅራችኋል፣ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ላላወቃችኋት፦ ድንቅቱ የእንስሳት ክፍሉ ጠራጊና መጋቢ ነበረች። የእንጭኒ ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ወታደር ሆኖ ሰሜን ግንባር ነው፣ ዱሬቲ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ለእኛ አማርኛ ትናገራለች፣ ለእንስሳቱ ኦሮምኛ። «እነሱ አማርኛ አልተማሩም፣ ኦቦ አሻግሬ» ትለኝ ነበር።

የዶክተር ሐሳብ ይኸው ነው። አይጦቹ በሠላሳ አምስት ዲግሪ ሙቀት፣ ያለ ውሃ፣ በደረቅ ገብስና ማሽላ ብቻ ስንት ቀን እንደሚቆዩ መቁጠር። በታኅሣሥ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ያኔ ማሳየት። ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተተከለ። አይጦቹ ወለሉ ቆርቆሮ በሆነ የሽቦ ሳጥን ውስጥ ገቡ። አፈር ይግባላቸው ወይ ብዬ ስጠይቅ ዶክተር «አፈር ውስጥ ከገቡ እንግዶቹ ምን ያያሉ?» አሉኝ።

መጻሕፍቱን እኔም አንብቤአለሁ፤ ዶክተር ናቸው የሰጡኝ። ይህ እንስሳ ውሃ የማይጠጣው ተአምረኛ ስለሆነ አይደለም። ከሚበላው ደረቅ ፍሬ ሆዱ ውስጥ ራሱ ውሃ ያወጣል፣ ያወጣትንም ትንሽ ውሃ እንዳታመልጠው ይጠብቃታል። አያልበውም። ሽንቱ ጠብታ ነው፣ ወፍራም። ሲተነፍስ እንኳ አፍንጫው ትንፋሹን አቀዝቅዞ እርጥበቱን መልሶ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ጉድጓዱ ነው። ላይ ምድር ስትቃጠል እሱ በደፈናት ቀዝቃዛ ጉድጓድ፣ በገዛ ትንፋሹ እርጥበት ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ያን ከወሰድክበት ውሃውን በሙሉ ወስደህበታል።

ይህን አውቅ ነበር። አልተናገርኩም። የተናገረችው ድንቅቱ ናት፣ ፊደል ያልቆጠረችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ሞቱ። ድንቅቱ ከሁሉቃ ወንዝ ዳር አንድ ጆንያ አሸዋ ተሸክማ መጣችና ሳጥኖቹ ውስጥ ዘረጋችላቸው። አሸዋው ላይ እንደወጡ በእጆቻቸው መቆፈር ጀመሩ። እየሳቀች ጠራችኝ። ያን ሰዓት ዶክተር ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቦላ ነው የሚፈልጉት፣ ዶክተር። ጉድጓድ።»

«አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

እጇን ከአሸዋው አነሳች።

«ጥረጊው። አንድ ፍሬ አሸዋ እንዳላይ።»

ጠረገችው። አይጦቹ ባዶውን ቆርቆሮ ሲቧጥጡ ዋሉ። ድምፁ እስከ ቢሮዬ ይሰማኝ ነበር፣ በሩን ዘጋሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሞቱ። ስድስት ቀሩ።

በዚያ ሰሞን ዶክተር ቢሯቸው አስጠሩኝ። «እንግዶቹ እስኪመጡ ስድስቱ ከቆዩልኝ፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር የምልከው ሰው አንተ ነህ» አሉኝ።

ይኸው ጓዶች። ያልተገኘው እንከን ይኸው ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ከቤቴ ካሮት እየቆረጥኩ በኪሴ ማምጣት ጀመርኩ። በውሃ የተነከረ ጥጥም እሰጣቸዋለሁ። ዶክተር ሲወጡ ማሞቂያውን እቀንሳለሁ፣ ከመግባታቸው በፊት ከፍ አደርጋለሁ። አዝኜላቸው እንዳይመስላችሁ። አውሮፕላን አምሮኝ ነው።

ዶክተር ቀኑን እየቆጠሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። አርባ ቀን ያለ ውሃ። ሃምሳ ቀን ያለ ውሃ። እናንተም እያያችሁ ትደነቁ ነበር።

ኅዳር ገባ። ያን ኅዳር ታስታውሳላችሁ? ከወሎ የተነሱ ሰዎችን ወደ ወለጋ የሚያጓጉዙት አውቶቡሶች በከተማችን ማለፍ ጀመሩ። አንዳንዱ ቀን በራችን ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ይቆማሉ። መውረድ አይፈቀድም። በመስኮት እጆች ይወጣሉ፣ «ውሃ» የሚሉ። አስቡት፤ ውሃ ከመሬት ሥር እየፈላ በሚወጣበት፣ በጠርሙስ እየታሸገ ለአገር በሚሸጥበት ከተማ። እኛ ምን አደረግን? የመስኮት መጋረጃ ዘጋን። ሽታው ይገባል ተባለ።

ድንቅቱ ከእንስሳት ክፍሉ ቧንቧ በባልዲ እየቀዳች አጥሩን ዞራ ትወጣ ነበር። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። አየኋት። «ሥራሽን ታጫለሽ» አልኳት። «እርስዎ አላዩኝም፣ ኦቦ አሻግሬ» አለችኝ። «እኔም አንዳንድ ነገር አላየሁም።» ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

ታኅሣሥ ላይ እንግዶቹ መጡ። ከአውራጃው፣ ከአዲስ አበባ፣ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰርም አብረዋቸው። በቀትር ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ። ጨለማ የሚወድ እንስሳ በዚያ ብርሃን ዓይኑን ጨፍኖ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል። ዶክተር በማስመሪያ ሳጥኑን ደበደቡት። አንዱ ዘለለ፣ የክዳኑ ሽቦ መታው፣ ወደቀ። ደግመው ደበደቡ። ደግሞ ዘለለ፣ አፍንጫው ደማ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ይህች ትንሽ ፍጥረት ሰባ አንድ ቀን ውሃ አልጠየቀችም! እርዳታ አልጠየቀችም! የሰው ልጅ ከእርሷ ምን ይማራል?»

እሱ ይህን ሲል ከአጥሩ ማዶ አራት አውቶቡስ ቆሟል።

ፕሮፌሰሩ አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው የሳጥኑን ወለል ሳቡ፣ ጣታቸውን አስነክተው ለብርሃን አሳዩት።

«ዶክተር በድሉ፣ ያለ ውሃ ሰባ አንድ ቀን አልክ?»

«አዎን፣ ፕሮፌሰር።»

«የዚህ እንስሳ ሽንት ግን ትናንት ጠበል ሲጠጣ የዋለ ሰው ሽንት ነው የሚመስለው።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ዶክተር አልሳቁም። ፊታቸው አመድ ሆነ። የክፍሉ ቁልፍ ከእሳቸው ሌላ ያለው በእኔና በድንቅቱ እጅ ነው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ሥር የቆመችውን ድንቅቱን።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ድንቅቱ ወደ እኔ ዞረች። ስሜን አልጠራችም። ቀና ብላ ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ስንት ሰከንድ እንደነበረ አላውቅም፣ ጫማዬን አይ ስለነበር።

ማታውኑ ወሰዷት። በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ወረቀት ሰጡኝ።

«ያየኸውን ብቻ ጻፍ፣ አሻግሬ። ያላየኸውን ጻፍ አላልኩህም።»

ምን ጻፍኩ መሰላችሁ? እውነት ነው የጻፍኩት። ድንቅቱ ከእንስሳት ክፍሉ ቧንቧ በባልዲ ውሃ ስትቀዳ በተደጋጋሚ አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ወዴት ትወስደው እንደነበር ዶክተር አልጠየቁኝም። እኔም አልጨመርኩም። ፈረምኩ። ፊርማዬ ያን ቀን በጣም ቆንጆ ነበር።

በሳምንቱ የሥልጠናው ደብዳቤ ወጣ። ዶክተር በእጃቸው ነው የሰጡኝ። ጨበጡኝና፣ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣

«እዚያ ስትሄድ ካሮት አታብዛ» አሉኝ።

አዎ ዶክተር፣ ብለውኛል። ያውቁ ነበር። መነጽርዎን መጥረጉ አያስፈልግም፣ ከዚህ እስከዚያ ድረስ በደንብ እንተያያለን።

የአይጦቹንም መጨረሻ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስለነበራችሁበት። በጥር ወር «አስወግዳቸው» ተባልኩ። በሻይ ሰዓት ሳጥኖቹን ወደ ጓሮ አወጣሁ። ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ከበባችሁኝ። አንዱን ከፈትኩ፣ ዘለለ። መሬታችን ጥቁር ነው፣ በጥር እንደ ድንጋይ የደረቀ። ለመቆፈር ሞከረ፣ እንቢ አለው። ጭልፊት ከላይ መጣ። «አንድ!» አላችሁ በአንድ ድምፅ። ሁለተኛውን ከፈትኩ። «ሁለት!» እንደ እግር ኳስ ጎል። አምስት ድረስ ቆጠራችሁ። ስድስተኛው አልሄድ አለ። እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ትናንሾቹን እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ምን ትጠብቃላችሁ? አንስቼ ኪሴ የከተትኩት ይመስላችኋል? በጫማዬ ገፋሁት። ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ስድስት አላችሁ።

እኔ ወደ ውጭ ሄድኩ። በረዶ ላይ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል፣ ሁለት ዓመት በምግብ አዳራሹ ተሰቅሎ ነበር። ያን ፎቶ ስነሳ ድንቅቱ ታስራ ነበር። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፣ «አሻጥር» የሚል አንድ ቃል ብቻ። ሰባት ወር። የቀበሌ ቤቷን ለሌላ ሰው ሰጡት። ልጇን አያቷ መጥተው ወሰዷት።

ባሏ ከግንባር ደብዳቤ የሚልከው በመሥሪያ ቤታችን አድራሻ ነበር። ወይዘሮ አመለሸጋ፣ ታስታውሺያለሽ? «ከሥራ የተሰናበተች» ብለሽ ጀርባው ላይ እየጻፍሽ ትመልሽው ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነው፣ አውቃለሁ። አራት ደብዳቤ ተመለሰ። አምስተኛው አልመጣም። ሰውየው ትታኝ ሄዳለች ብሎ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ፣ ዘግይቶ ነው የሰማነው። አታልቅሺ። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ካንቺው ይብሳል።

ከእስር እንደወጣች ሥራዋን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ይጥላል። ልጇን በነጠላዋ ሸፍና በሩ ላይ ቆመች። ዘበኛው አላስገባትም። እኔ በመስኮት አየኋት። ከሥልጠና ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፣ አዲስ ሱፍ ለብሼ ነበር። ከመስኮቱ ዞር አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ሄደች።

ከዚያ አምስት ዓመት። ዶክተር አዲስ አበባ አደጉ፣ እኔ ከፍተኛ ቴክኒሺያን ሆንኩ፣ እናንተም እንደየዕድላችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ እንጭኒ ሄድኩ። ጠይቄ አገኘኋት። መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርትና ጨው ትሸጣለች። ጸጉሯ ከፊቱ ነጭ ሆኗል። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አጠገቧ ልጇ ዱሬቲ ሽንኩርቱን ትለያለች።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ድንቅቱ» አልኳት።

ቀና አለች።

«አሻግሬ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ነገር ጠፋብኝ። «ለአይጦቹ ውሃ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ይህን ልትነግረኝ ነው ከአምቦ የመጣኸው? የካሮቱን ልጣጭ ማን ሲጠርግልህ የኖረ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ትናገራለህ ብዬ ነዋ። የመጀመሪያውን ቀን ጠበቅኩህ። በሁለተኛውም ጠበቅኩህ። በሦስተኛው ስምህን ነገርኳቸው። መርማሪው ሳቀብኝ። በእጅህ የጻፍከውን አውጥቶ አነበበልኝ።»

አንዲት ሴት ሽንኩርት ልትገዛ መጣች። ድንቅቱ መዝና ሰጠቻት፣ ሸኘቻት። እኔ ቆሜአለሁ።

«ጡረታ መውጣቴ ነው» አልኳት። «በስንብቴ ቀን በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ዶክተርም ይመጣሉ።»

«የጡረታ ደብዳቤህ ወጣ?»

«ወጥቷል።»

«እጅህ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«እንግዲያማ አሁን መናገር ትችላለህ» አለች።

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ተሰድቤአለሁ። እንደዚህ ያለ አልሰማሁም። ተንበረከክሁ፤ የገበያ ሰው እያየኝ። «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አልልም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ብልህ ዛሬ ደህና ትተኛለህ። አልልህም። ፋይሌ ላይ አሻጥረኛ የሚል ቃል አለ። ዱሬቲ አምስተኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ አንድ ቀን ሥራ ትፈልጋለች፣ እናትሽ ማን ናት ይሏታል። እሱን ቃል አስነሳ። አስነስተህ ወረቀቱን በሰው ላክልኝ። አንተ ራስህ ግን እዚህ እንዳትመጣ።»

ልጇ ሽንኩርት መለየቷን ትታ ታየኝ ነበር። «ማን ነው?» አለቻት በኦሮምኛ። ድንቅቱ ጨው መስፈር ጀመረች።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይኸውላችሁ። በእጄ የያዝኩት የንግግሬ ወረቀት መስሏችሁ ነበር። አይደለም። የምስክርነት ቃሌ ነው፣ በሦስት ቅጂ። በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. የሰጠሁትን ቃል ያፈርሳል። ውሃውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ድንቅቱ በባልዲ የቀዳችው ውሃ አውቶቡስ ውስጥ ለተጠሙ ሰዎች መሆኑን ይላል። ፈርሜበታለሁ። ይህኛው ፊርማ አያምርም፣ ይነበባል ግን።

ከታች ለሌላ ምስክር ቦታ ትቻለሁ። ዶክተር በድሉ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። እስክሪብቶ ይዣለሁ።

…

ዶክተር ሊወጡ ነው መሰለኝ። መንገድ ልቀቁላቸው። ወንበሩን ሳብ አድርግላቸው እንጂ፣ እንዳይደናቀፉ። በደህና ይግቡ፣ ዶክተር።

ጓድ ዓብዲሳ፣ እርስዎ ያኔ አልነበሩም፣ ዕዳው የእርስዎ አይደለም። ይህን ይቀበሉኝ። … ሰኞ ይታያል አሉ? ዛሬ ይታይ። ከዛሬ በኋላ እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም። ዘበኛው እንደማያስገባኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮ አመለሸጋ፣ ወዴት ነው የምትነሺው? … ማኅተሙን ይዘሽ ነው? እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሦስቱም ላይ። «ደርሷል» በይው፣ ቀን ጻፊበት። ጠበቅ አድርገሽ ምቺው፣ ቀለሙ ደርቋል። አንዱ ቅጂ ለፋይሉ፣ አንዱ ለበላይ አካል። ሦስተኛውን ወደ እንጭኒ የሚሄድ ሰው ካለ … አንቺው ትወስጂዋለሽ? እሺ። ስለ ደብዳቤዎቹም ራስሽ ንገሪያት። ቡና አትጠብቂ።

ምናልባት ከዚህ ስወጣ ሊያስረኝ የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል። የጡረታ ደብዳቤዬም ይሻር ይሆናል። ሚስቴ ታውቃለች፣ ነግሬአታለሁ፤ ከነገርኳት ጀምሮ አላናገረችኝም። እንግዲህ ይሄ የእኔ ነው።

የምሰናበታችሁ በዚህ ነው። ሰሜን ያሉ ልጆቻችሁና ወንድሞቻችሁ በእግራቸው ቆመው ወደ ቤት ይግቡ፣ የጻፉትም ደብዳቤ በትክክለኛው እጅ ይድረስ። ጤና አይጉደልባችሁ። ጓዳችሁ እህል፣ ማድጋችሁ ውሃ ይሙላበት፤ ከሞላበትም ላይ በር ለሚያንኳኳ የምትቀዱበት ልብ ይስጣችሁ። አዲሶቹ ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ የተለየ ምኞት አለኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው ዓይናችሁን ዓይናችሁን እያየ፣ ስማችሁን ሳይጠራ፣ እንድትናገሩለት ይጠብቃችኋል። ረጅም ጊዜ አይጠብቅም፣ ጥቂት ሰከንድ ነው። እኔ በዚያች ሰከንድ ጫማዬን አየሁ፣ አምስት ዓመት ከመንፈቅም ቆየሁባት። እናንተን ግን ፈጣሪ አንገታችሁን ቀና ያድርግላችሁ፣ አፋችሁንም እዚያው፣ በሰዓቱ ይክፈትላችሁ።

አሜን የሚል ካለ፣ ጮክ ብሎ ይበል።